ኳሷ ሦስት ጊዜ እግሬ ሥር ተመለሰች

ጎልፍ እየተጫወትኩ ነው፣ አራተኛው ሆል (ከሜዳው አሥራ ስምንት የጨዋታ ክፍሎች አራተኛው) ላይ። ግሪኑ፣ ማለትም ቀዳዳው ያለበት አጥሮ የታጨደው ሣር፣ ከእኔ ቢርቅ 20 ሜትር ነው፣ ባንዲራው ፊት ለፊቴ ቆሟል፣ ኳሷም ጥሩ ሣር ላይ ነው ያለችው። ቺፕ አደረግኳት፣ ማለትም በአጭሩ አንስቼ ወደ ግሪኑ ላክኋት። ግሪኑ ላይ አረፈች፣ ትንሽ ተንከባለለች፣ ቆመች ስል ሐሳቧን ቀይራ ቀስ እያለች ወደ ኋላ መጣችና ጫማዬ አጠገብ ቆመች። ደገምኩ። ተመለሰች። ሦስተኛውን ጠንከር አድርጌ መታሁ፣ አሁንም ተመለሰች፤ ይባስ ብላ ቀድሜ በዱላ የገመስኩት ሣር ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። አብረውኝ የሚጫወቱት ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና “እንግዲህ ተዋወቃችሁ” አሉኝ።

ከአዲሱ ሜዳ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

አዲስ ስል ያው የድሮው ኮረብታ ነው። ለእድሳት ከዓመት በላይ ተዘግቶ ነበር። የድሮውን በደንብ አውቀዋለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ብዙም አልወደውም ነበር። ዛፍ በዛፍ ነው። ኮረብታ ላይ መሆንህን የሚነግርህ እግርህ ብቻ ነበር፤ ጨዋታው ሁሉ ከዛፍ መሸሽ ነው። ትንሽ ከሳትክ ቅጠል ስትገለብጥ ትውላለህ፣ ያውም ደንቡ ኳስ መፈለጊያውን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከ5 ደቂቃ ወደ 3 ስላወረደው ገና ጎንበስ ሳትል ጊዜህ ያልቃል።

ጭቃውስ! ሰው ተዳፋት ቦታ ውሃ አይይዝም ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ከላይ የዘነበው ሁሉ በገጽታ አይወርድም፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ይገባና ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፣ ከዚያ ውሃ የማያሳልፍ ጠጣር አፈር ሲገጥመው ኮረብታው ወገብ ላይ ብቅ ይላል። ለዚህ ነው ዝናቡ ካቆመ ከቀናት በኋላም መሀል ፌርዌይ (ከመነሻው ወደ ግሪኑ የሚወስደው የታጨደ ሣር) ላይ ጫማህ ጨቅ ጨቅ የሚለው።

ሥራው እየተካሄደ አንድ ቀን ገብቼ አይቻለሁ። ከፌርዌዩ በላይ በኩል ኮረብታውን አግድም የሚያቋርጥ ቦይ ቆፍረዋል፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ፣ ከላዩ ጠጠር። ውሃውን ፌርዌዩ ሳይደርስ መንገድ ላይ መጥለፍ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ግማሹ የተሠራ አንድ ግሪን ነበር። ጎኑ ስላልተሸፈነ ንብርብሩ እንዳለ ይታያል፤ ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር፣ ከላዩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በዋናነት አሸዋ የሆነ ድብልቅ። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ሲመክረው የኖረ አሠራር ነው። ብልሃቱ ደስ ይላል፤ አሸዋው ለሣሩ የሚበቃውን ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ሲበዛበት ብቻ ወደ ጠጠሩ ይለቀዋል። ሣሩን አይተን “አሪፍ ግሪን” እንላለን እንጂ ሥራው ያለው ከሥር ነው።

ዛፉን ግን ጨፍጭፈውታል። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ሳይ ደነገጥኩ። ዳገት ላይ ዛፍ ሲነሳ አፈሩስ አልኩ። ገደላማውን ቦታ በረጅም ሣር ሸፍነውታል፣ ለጊዜው ይዞታል፣ የከባድ ክረምት ፈተናውን ደግሞ እናያለን። ጥቅሙ ግን ወዲያው ታየኝ። ሣሩ ፀሐይና ነፋስ አገኘ። ከሁሉ በላይ ኮረብታው ራሱ ታየ። ድሮ የምንጫወተው ከዛፉ ጋር ነበር፣ አሁን ከተዳፋቱ ጋር ነው።

ተዳፋቱ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ቀኝ እጅ ተጫዋች ነኝ። ኳሷ ከእግሬ ከፍ ካለች ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ዝቅ ካለች ወደ ቀኝ። ይሄን የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቃለሁ፣ ግን ሁለተኛው ሆል ላይ ኳሷ ጉልበቴ አካባቢ ከፍ ብላ ስትጠብቀኝ ቀጥታ ባንዲራው ላይ ነው ያነጣጠርኩት። ወደ ግራ ሄዳ ረጅሙ ሣር በላት። ቁልቁል ስትቆም ደግሞ ትከሻህን ከመሬቱ ጋር ካላስተካከልክ ዱላው ከኳሷ በፊት አፈር ያገኛል። ያንንም አድርጌዋለሁ። ሁለቴ።

ሰባተኛው የሚገርም ነው። ፓር 3 ነው (በሦስት ምት መጨረስ የሚጠበቅበት)፣ 150 ሜትር፣ ግን ግሪኑ ከቲው፣ ከመምቻ መነሻው፣ 20 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከታች ተዘርግቷል። ጋሼ “የ130 ዱላ አውጣ” አሉኝ። ለወረድከው ለእያንዳንዱ ሜትር አንድ ሜትር ቀንስ የሚባል የግምት ሂሳብ አለ፣ እሱን ነው የሚሉኝ። እኔ ደግሞ ልቤ አላመነም፣ በ150 እና በ130 መሀል አስታርቄ መታሁ። ኳሷ አየር ላይ ቆየች፣ ቆየች፣ አሁንም አልወረደችም፣ በግሪኑ አናት አልፋ ከኋላ ያለው ባንከር፣ የአሸዋ ጉድጓድ፣ ውስጥ ገባች። ጋሼ አጭር አይረን (ለአጭር ርቀት የሚሆን ባለ ብረት ጭንቅላት ዱላ) አውጥተው ኳሳቸውን ግሪኑ መሀል ላይ አስቀመጡ። ምንም አላሉኝም፣ ይሄ ደግሞ ከመናገር ይብሳል።

የግሪኖቹን ተዳፋት ድሮ ከነበረው ለዘብ አድርገውታል። ይሄ ብዙ ሰው አናዷል፣ “ሜዳውን አዋረዱት” የሚል አልጠፋም። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፣ አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። የድሮዎቹ ግሪኖች የተሠሩት ሣር ረዘም ብሎ በሚታጨድበት ጊዜ ነው። የግሪን ፍጥነት መለኪያውን ስቲምፕሜትር የፈጠረው ኤድዋርድ ስቲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር፤ ነገሩ ቀላል ነው፣ አሸንዳ መሰል ዘንግ ላይ ኳስ አስቀምጠህ ጫፉን ታነሳለህ፣ ተንከባልላ የሄደችውን ርቀት ትለካለህ። ዛሬ ሣሩ እንደ ጸጉር ተላጭቶ ያች ኳስ 10 እና 11 ጫማ (ከ3 ሜትር በላይ) ስትሄድ፣ በድሮው ተዳፋት ላይ ባንዲራ የምትተክልበት ቦታ አታገኝም። ኳሷ ቀዳዳው አጠገብ መቆም ካልቻለች ምኑን ጨዋታ ሆነ? ወይ ሣሩን ማስረዘም ነው ወይ ግሪኑን ማለዘብ። እኔ ብሆን ሣሩን ትንሽ አስረዝም ነበር፣ ግን ማን ጠየቀኝ።

ለዘብ አሉ ስል ታዲያ ቀለሉ ማለቴ አይደለም። ኮረብታ ላይ ዓይን ይዋሻል። ዙሪያህ ያለው ሁሉ ስላዘነበለ፣ በትንሹ ያዘነበለው ግሪን ለጥ ያለ ሆኖ ይታይሃል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስልሃል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ዘጠነኛው ላይ ሽቅብ ነው ብዬ ጠንከር አድርጌ የመታሁት ፑት (ግሪን ላይ ኳሷን የሚያንከባልል ምት) ቀዳዳውን አልፎ ሦስት ሜትር ሄደ። ጋሼ የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ግሪን ላይ ከመድረስህ በፊት ሩቅ ሆነህ የኮረብታው አናት የት እንደሆነ እይ፣ ከዚያ ዓይንህን አትመን።

ቅሬታም አለኝ። አሥራ አንደኛው ፌርዌይ ከቀኝ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ዝቅ ባለው በኩል ኳስ የሚያቆም ነገር አልተውለትም። ስለዚህ የሁሉም ሰው ኳስ ተንከባልሎ አንዲት የመኝታ ክፍል የምታክል ቦታ ላይ ይሰበሰባል። ሁሉም ከዚያው ስለሚመታ ቦታው ከአሁኑ ተፈቅፍቆ አልቋል፤ ጥሩ መትተህ ጉድጓድ ውስጥ ታገኛታለህ። ትንሽ ከፍታ ቢጨምሩበት ይስተካከል ነበር። ከአሥራ ሁለተኛው ግሪን ወደ አሥራ ሦስተኛው ቲ ያለው ዳገትስ? ቲውን ለእይታ ብለው ወደ ላይ ወስደውታል። እይታው ያምራል፣ ግን ስትደርስ ሳንባህን እንጂ እይታውን አታስብም። ቦርሳ ተሸክማችሁ የምትጫወቱ ዱላ ቀንሱ። ደንቡ እስከ 14 ይፈቅዳል እንጂ 14 ያዙ አላለም። እኔ በሚቀጥለው ዘጠኝ ብቻ ነው የምይዘው።

አሥራ ስምንተኛው ላይ ከቀዳዳው በላይ ሁለት ሜትር ቀርቶኛል። ቁልቁል። ነካ ብቻ አደረግኳት፣ እውነት ነካ ብቻ፤ የቀዳዳውን ከንፈር ልሳ አለፈች፣ መውረዷን ቀጠለች፣ ግሪኑን ለቃ ወጣች። በ97 ምት ጨረስኩ፣ ጎልፍ ላይ ደግሞ የሚበልጠው ትንሽ የመታ ነው። ድሮ እዚህ 91 እና 92 ነበር የምመታው።

ወደ መኪና ስንሄድ ጋሼን ስለ አራተኛው ጠየቅኳቸው። እሳቸው እዚያች ቦታ ሲደርሱ ስምንት ቁጥር አይረን አውጥተው ኳሷን መሬት ለመሬት ነበር የላኳት፣ ዳገቱን ሮጣ ወጥታ ባንዲራው ሥር ቆማለች። “እኔ ሦስት ጊዜ ስመታ ለምን አልነገሩኝም?” አልኳቸው።

“ትጠይቀኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር” አሉኝ።