ከኅዳር 15 የሚጀምር ገና

ብዙዎቻችን ስለ ገና ለልጆቻችን መናገር የምንጀምረው በዓሉ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። የዶሮና የሽንኩርት ዋጋ የቤቱ ወሬ ሲሆን፣ በየሱቁ ደጃፍ የፕላስቲክ ጽድ ቆሞ ባለ ቀለም አምፖል ብልጭ ድርግም ሲል፣ ያን ጊዜ «ገና ደረሰ» እንላለን። ቤተ ክርስቲያን ግን ዝግጅቱን የጀመረችው የነቢያት ጾም በገባበት በኅዳር 15 ነው። እኔ እንደማምነው፣ ከገና በልጅ ልብ ውስጥ የሚቀር ነገር ቢኖር የሚዘራው በእነዚህ 44 ቀናት፣ ያውም በቤት ውስጥ ነው። በበዓሉ ዕለት ወጡም እንግዳውም ስለሚበዛ፣ ልጅን አስቀምጦ ለማነጋገር ፋታ አይገኝም።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴም እኔም ጎሕ ሲቀድ ወጥተን፣ በታክሲ ሰልፍ ስንጉላላ አምሽተን የምንገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ስለሆነ፣ «ከልጆቻችሁ ጋር ረጅም ጊዜ አሳልፉ» የሚለው ምክር ለእኛ ቢጤዎች የተነገረ አይመስለኝም። ስለዚህ ባለችን ጊዜ እንጠቀማለን። ከራት በፊት ጧፍ ይበራል፤ ትልቋ ልጄ ከውዳሴ ማርያም የዕለቱን ታደርሳለች፤ ቀጥሎ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ አጭር ክፍል ይነበባል፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ወደ ማዕድ እንቀርባለን። (አንዳንድ ምሽት መብራት ይጠፋል፤ እውነቱን ለመናገር፣ ቴሌቪዥኑ አብሮ ስለሚዘጋ ጸሎታችን ያኔ ይረዝማል።)

ምን ይነበብ የሚለው አያስጨንቅም፤ ሥርዓቱ አስቀድሞ ተሠርቶልናል። ከታኅሣሥ 7 ወዲህ እስከ ልደት ያሉት ሦስት እሑዶች በቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ በድጓ መሠረት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ተብለው ይከበራሉ። በስብከት ሳምንት ነቢያት ስለ ክርስቶስ መምጣት የተናገሩት ስለሚታሰብ፣ ድንግል እንደምትፀንስ የሚናገረውን ኢሳይያስ ምዕራፍ 7ንና የቤተ ልሔምን ስም የሚያነሣውን ሚክያስ ምዕራፍ 5ን እናነባለን። ለብርሃን ሳምንት፣ በጨለማ የሄደ ሕዝብ ብርሃን ማየቱን የሚያበሥረውን ኢሳይያስ ምዕራፍ 9ን መርጠናል። ኖላዊ የእረኛው ሳምንት ነውና ዮሐንስ ምዕራፍ 10 ይነበባል። በዚህ በኩል ዳር መኖር ጠቅሞናል። ከብሎኮቹ ጀርባ ገና ቤት ያልተሠራበት ማሳ አለ፤ በታኅሣሥ ጤፉ ይወቃል፣ ጭድ የተጫኑ አህዮች በደጃችን ያልፋሉ፣ በጎቹን የሚያግዱትም የልጆቼ እኩዮች ናቸው። መሃል ከተማ ያደገ ልጅ እረኛን የሚያውቀው ከሥዕል ነው፤ የእኔዎቹ ግን በስሙ ይጠሩታል።

ባለፈው ታኅሣሥ ትንሹ ልጄ ወተት ሊገዛ ከአያቱ ጋር ወደ አንድ ገበሬ ቤት ሄደ። ጥጃዋ ጭዱ ላይ ተኝታ፣ ላሟ ከጋጣው ስትበላ ቆሞ አየና፣ «እማማ፣ ጌታችን እንዲህ ያለ ቦታ ነው የተኛው? አይሸትም ነበር?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ ሳታመነታ «ይሸታል እንጂ ልጄ፤ እሱ መቼ ተጸየፈን!» አለችው። ማታ ከኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ላይ በሬ ገዢውን፣ አህያም የጌታውን ጋጣ እንዳወቀ የሚናገረውን ቃል ሳነብለት፣ ሳልጨርስ አቋርጦኝ ስለ ጥጃዋ ይነግረኝ ጀመር። ምሥጢረ ሥጋዌን፣ አምላክ ሰው የመሆኑን ምሥጢር፣ ለስድስት ዓመት ልጅ ከእናቴ መልስ በተሻለ የሚያስረዳ ነገር እኔ አላውቅም።

ልጆች የጾሙ ቀን ለምን 44 እንደሆነም ይጠይቃሉ። አርባው የነቢያት ነው፤ አንዱ ገሃድ፣ ማለትም የበዓሉ ዋዜማ ጾም ነው፤ ሦስቱ ደግሞ በግብፅ፣ በፓትርያርኩ በሶርያዊው አብርሃም ዘመን፣ የሙቀጠም ተራራ በጸሎት የፈለሰበት መታሰቢያ ነው። የእኔ ልጆች ከሁሉ የሚወዱት ይህን ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም የተአምሩ ሰው ጳጳስ ወይም መስፍን ሳይሆን ስምዖን የተባለ ጫማ ሰፊ ነው፤ ሥራው ከመግባቱ በፊት ለአረጋውያንና ለሕሙማን ውኃ ይቀዳላቸው እንደነበር ይተረካል። በእኛ ሰፈር ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት የሁሉም ዕጣ ነው። ትልቋ ልጄ ታሪኩን በሰማች ሰሞን፣ ማንም ሳያዛት፣ አራተኛ ፎቅ ለሚኖሩት አሮጊት ጎረቤታችን በትንሿ ጀሪካን ውኃ ስታወጣላቸው አገኘኋት። እንድትቀጥልበት ብዬ ማሞገሱን ተውኩት፤ ልጅ በጭብጨባ የጀመረው ነገር ጭብጨባው ሲቀር አብሮ ይቀራል።

ስለ ጾሙ ራሱ ግን ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። በተለመደው ትምህርት ልጅ መጾም የሚጀምረው ከሰባት ዓመቱ ነውና፣ ትልቋ እንደ አቅሟ እስከ ቀትር ትቆያለች፤ ትንሹ አይገደድም። አንዱ ልጅ የሌላውን አፍ እንዲጠብቅ ግን አልፈቅድም፤ «እሱ እኮ በላ!» የሚል ክስ በቤታችን አይሰማም። ከሥጋና ከእንቁላል የሚተርፈውን ገንዘብ በጣሳ እናጠራቅማለን፤ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት ልጆቹ ናቸው። ባለፈው ዓመት ቤተሰቦቹ ክፍለ ሀገር ለቀሩበት ለብሎካችን ጥበቃ ሰጡ፤ በበዓሉም ቀን ከእኛ ጋር ምሳ በላ።

በ2018 ዓ.ም. ልደት ረቡዕ ስለዋለ፣ ጾሙን በትጋት የያዘችው ልጄ ዶሮ ወጡን በጥርጣሬ ተመለከተችው። ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉም እንደማይጾሙ፣ በምትካቸው ዋዜማቸው በገሃድ እንደሚጾም ነገርኳት። ለጥያቄ በር የሚከፍት ሥርዓት ለወላጅ ትልቅ ሀብት ነው።

ሕፃናትን ለሌሊቱ ማኅሌትና ቅዳሴ ማስነሣት ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ከዘመዶቼ ጋር ሁልጊዜ እንከራከራለን። እኔ ይምጡ ባይ ነኝ። እውነት ነው፣ በጋቢ ተጠቅልለው አብዛኛውን ሰዓት ይተኛሉ፤ ከበሮው ሲደምቅና ወረቡ ሲጀመር ግን ዓይናቸውን አሻሽተው ይነሣሉ፤ ያቺን ያዩአትን እስኪያድጉ ያወሯታል። በነጋታው ብርድ አሞአቸው ካስነጠሱ ግን ከእናቴ የሚመጣውን ቁጣ የምቀበለው እኔ ነኝ።

የወንጌላውያን አማኝ የሆነች እህቴ በየዓመቱ ከእነልጆቿ ትመጣለች። በብዙ ነገር አንስማማም፤ ነገር ግን ከምሳ በኋላ ሉቃስ ምዕራፍ 2 በልጆቹ ተራ በተራ ሲነበብ ማንም ክርክር አያነሣም። ሙስሊም ጎረቤታችንም ለቡናው አትቀርም፤ ድፎ ዳቦውን የምትቆርሰው እሷ እንድትሆን ልጆቹ ይለምኗታል።

በሚመጣው በ2019 ዓ.ም. በዓሉ ሐሙስ ይውላል፤ ስብከት ታኅሣሥ 11፣ ብርሃን ታኅሣሥ 18፣ ኖላዊ ታኅሣሥ 25 ይሆናሉ። ትንሹ ልጄ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ስለሚሞላው የኖላዊን ንባብ ለእሱ ሰጥተነዋል፤ ፊደሉን ከወዲሁ እያስጠናችው ያለችው እህቱ ናት፤ «ኖላዊ»ንም «ኖላይ» እያለ እስካሁን ያስቃታል።