ሞሄንጆ ዳሮን የሚበላው ጨው

ስለ ሞሄንጆ ዳሮ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ከተማዋ ጥንት እንዴት እንደጠፋች ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አሁን እየጠፋች ያለችበት መንገድ ነው። በፓኪስታን ሲንድ ግዛት፣ ከኢንደስ ወንዝ አጠገብ ከ4,000 ዓመት በላይ የቆየው የጡብ ግንብ ቁፋሮ ከተጀመረበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክፉኛ ተጎድቷል።

ተቀብሮ ሳለ ጡቡ እርጥበት ቢኖረውም ፀሐይና ነፋስ አያገኙትም ነበር። ከተገለጠ በኋላ ግን ከሥር የሚመጠጠው ጨዋማ ውሃ በጡቡ ፊት ላይ ይተናል፤ ጨው ይቀራል። በ1932 እ.ኤ.አ. በኢንደስ ወንዝ ላይ የተሠራው የሱኩር ግድብ ሥራ ሲጀምር የመስኖ ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ አደረገው፤ ችግሩም ባሰ። የሶዲየም ሰልፌት ጨው አየሩ ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ ውሃ ይዞ ሦስት እጥፍ ገደማ ያብጣል፣ ሙቀቱ ሲመለስ ደግሞ ይደርቃል። ይህ ሲደጋገም የጡቡ ፊት ነጭ ቅርፊት ያወጣል፣ ከዚያ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። የሚሳሳው የግንቡ እግር ስለሆነ ላዩ ደህና መስሎ ድንገት ይናዳል።

መከላከያው የጭቃ ምርጊት ነው። መጀመሪያ ጨው በደረቁ በብሩሽ ይጠረጋል፤ በውሃ ከታጠበ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። አፈሩ ጨው እንደሌለበት መመርመር አለበት፣ የአካባቢው መሬት ራሱ ጨዋማ ነውና። ከዚያ በጭድ ተቦክቶ ግንቡ ይመረጋል። ትነቱ ከጡቡ ወደ ጭቃው ስለሚዛወር በጡቡ ፈንታ ጭቃው ይፈርሳል። የረገፈው ከግንቡ ሥር ከተተወ ዝናብ ጨዉን መልሶ ያሰርገዋል፤ ስለዚህ ከቅጥሩ ርቆ ይጣላል። በሲሚንቶ መጠገን የባሰ ይጎዳል፦ እርጥበቱን አላስወጣ ብሎ ወደ ጥንታዊው ጡብ ይገፋዋል።

ታላቁ መታጠቢያ የሚባለው የከተማዋ የጡብ ገንዳ ሲታይ ቁጭቱ ይብሳል። ርዝመቱ 12፣ ስፋቱ 7፣ ጥልቀቱ 2.4 ሜትር ገደማ ነው። ግንበኞቹ ጡቡን በጀሶ አጣብቀው፣ ከጀርባው ሬንጅ ቀብተው ውሃ እንዳያፈስ አድርገውታል። ውሃን እንዲህ የሚያውቁ ሰዎች ሥራ በውሃ ሲበላ ማየት ያማል።

በነሐሴ 2022 የጣለው ከባድ ዝናብ በርካታ ግንቦችን ጎዳ። የግንቡ አናት በጭቃ ተደፍኖ ተዳፋት ካልተሰጠው ዝናቡ ከላይ ገብቶ መሃሉን ያቦካዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ዝናቡ ሳይመጣ አናቱ መታየት፣ የተሰነጠቀው መመረግ፣ የውሃ መውረጃ ቦዩም መጠረግ አለበት። ገና ያልተቆፈረው ሰፊው ክፍል ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ለተገለጠው በቂ ጭቃና በቂ እጅ እስኪገኝ ድረስ እንደተቀበረ ይቆይ።