የአያቴ ጥለት

ዛሬ ሙሉ ቀን ከአያቴ ፎቶ ጋር ነው የዋልኩት። ጥቁርና ነጭ ነው። መሀሉ ላይ ታጥፎ ኖሮ ስንጥቁ ጉንጫቸው ላይ ያልፋል። በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጌ በጊምፕ ከፈትኩት። ጊምፕ በነፃ የሚወርድ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፣ ፎቶሾፕ ለመግዛት አቅም ለሌለን ሰዎች ትልቅ ነገር ነው።

ስንጥቁን በሂሊንግ ብሩሽ፣ ከጎኑ ካለው ቆዳ እየወሰድኩ በትንሽ በትንሹ ሸፈንኩት። መጀመሪያ ብሩሹን አተለቅኩትና ጉንጫቸው እንደ ፕላስቲክ ሆነ፤ መለስኩትና አሳንሼ እንደገና ጀመርኩ። የፊታቸው መስመሮች እንዲጠፉ አልፈልግም።

ቀለሙን የቀባሁት ግን ለብቻው በአዲስ ሌየር፣ ማለትም ፎቶው ላይ በሚነጠፍ ግልፅ ንጣፍ ላይ ነው። የሌየሩን ሞድ (ከስሩ ካለው ፎቶ ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) ወደ ከለር ስትቀይሩት ቀለሙ ብቻ ይገባል፣ ብርሃኑና ጥላው የድሮው ፎቶ እንደሆነ ይቀራል። እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው።

የነጠላው ጥለት ላይ ስደርስ ቆምኩ። ቀለሙ ምን ነበር? እናቴ ጋ ደወልኩ። «አረንጓዴ ነው፣ ዳሩ ላይ ቀጭን የወርቅ መስመር አለው። እማዬ ለጥምቀት ብቻ ነበር የምትለብሰው» አለችኝ፣ አፍታም ሳታስብ።

ጨርሼ በቴሌግራም ላክሁላት። አይታዋለች፣ ግን ዝም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ድምፅ ላከች። «አረንጓዴውን ትንሽ ጠቆር አድርጊው ልጄ።»

አሁን እሱን እያጠቆርኩ ነው።