አንድ ጣቢያ ሁለት ቦታ፦ ሬዲዮዬን በእጄ ስሠራ የገጠመኝ

ራስበሪ ፓይ ፒኮ የሚባለውን ትንሽ ኮድ የሚጫንበት ቦርድ አንጎሉ አድርጌ የአማተር ሬዲዮ ሠራሁ። ይቀበላልም፣ ይልካልም። የሚሠራው 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ 40 ሜትር በሚባለው ባንድ ላይ ነው። ሊሞክር ላሰበ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው፣ በተለይ ሦስት ሳምንት ስላሰቃየኝ አንድ ነገር።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ኤስአይ 5351 የሚባል ቺፕ የምፈልገውን ድግግሞሽ ያመነጫል። ከአንቴና የመጣው ሞገድ በሱ ትእዛዝ ቶሎ ቶሎ በሚከፈትና በሚዘጋ ሌላ ቺፕ ውስጥ ያልፍና በጆሮ ወደሚሰማ ድግግሞሽ ይወርዳል። የሚወጣው ግን አንድ ምልክት ሳይሆን ሁለት ነው፣ አንዱ ከሌላው በ90 ዲግሪ፣ ማለትም በሩብ ዙር፣ ዘግይቶ። አይ እና ኪው ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የኮድ ሥራ ነው። በድሮው ሬዲዮ ማጣሪያ ለመቀየር መበየድ ያስፈልግ ነበር፣ እዚህ ጥቂት ቁጥሮች ለውጦ እንደገና መጫን ነው። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው።

መቀበያው በመጀመሪያው ምሽት ሠራ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። 7.030 ላይ የሰማሁት የሞርስ ጣቢያ 7.010 ላይም አለ። ያው ፍጥነት፣ ያው ጥሪ፣ ትንሽ ደከም ብሎ። ማዕከሉን፣ ማለትም ቺፑ የሚያመነጨውን ድግግሞሽ፣ 7.020 ላይ ነበር ያደረግኩት፣ ስለዚህ ጣቢያው በመስታወት እንደሚታይ ምስል ከማዕከሉ ማዶ እየታየኝ ነው። ያንን ምስል የሚያጠፋው በአይ እና በኪው መካከል ያለው 90 ዲግሪ ነው፤ እሱ ትንሽ ከተዛባ ምስሉ ይቀራል።

ሬዚስተሮቹን ጠረጠርኩና 1 ፐርሰንት ልዩነት ብቻ ባላቸው ቀየርኳቸው። ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ እየለካሁ የሚመሳሰሉትን አጣመርኩ። ተሻለ፣ ግን አልጠፋም። ከማዕከሉ በራቅኩ ቁጥር ደግሞ ምስሉ ይጠነክራል። ፍንጩ እሱ ነበር።

ፒኮ አናሎጉን ወደ ቁጥር የሚቀይርበት ክፍል አንድ ብቻ ነው፣ ሁለቱን ምልክቶች የሚያነበው በየተራ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪደርስ 2 ማይክሮሰከንድ ያልፋል። ይህቺ ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። በ1 ኪሎኸርዝ ከ1 ዲግሪ በታች ናት፣ በ10 ኪሎኸርዝ ግን 7 ዲግሪ ትሆናለች! መፍትሔው አጭር ኮድ ሆነ፦ ከእያንዳንዱ የኪው ንባብ በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለት የአይ ንባቦች አማካይ መውሰድ። አማካዩ ኪው የተነበበበት ቅጽበት ላይ ያርፋል። ጫንኩት፣ 7.010 ጸጥ አለ። ማዳመጫዬን አድርጌ ያንን ጸጥታ ለረጅም ጊዜ አዳመጥኩት።

አሁን ምስል ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ የማየው ስህተቱ ከድግግሞሹ ጋር ያድግ እንደሆነ ነው። ካደገ እንደኔው የንባብ ጊዜ መዘግየት ሊሆን ይችላል፣ እሱን ሬዚስተር መቀያየር አይፈታውም።

መላኪያው ሦስት ቢኤስ 170 ትራንዚስተሮች ነው። መጀመሪያ የተሰኩት ሦስቱም አንድ ላይ ተቃጠሉ። እየላክሁ ኮዱ ደርቆ ቀረ፣ ጌት የሚባሉት መቆጣጠሪያ እግሮቻቸው ከፍ ባለ ቮልቴጅ ላይ እንደተያዙ። አሁን ኮዱ ሲደርቅ ፒኮን ራሱን የሚያስነሳ ዋችዶግ አለ፣ ጌቶቹም በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ከግራውንድ ጋር ተያይዘዋል። ስሞክር የኃይል ምንጩን የከረንት ገደብ ዝቅ አደርጋለሁ። እንዲህ ያለ መላኪያ 14 እና 21 ሜጋኸርዝ ላይም ስለሚረጭ ከአንቴናው በፊት ጥሩ ማጣሪያ ግድ ነው፤ ማጣሪያው እስኪለካ ድረስ በአንቴና ምትክ ኃይሉን በሚውጥ ባለ50 ኦም ሬዚስተር (ደሚ ሎድ) ብቻ ሞክሩ። የመላክ ፈቃድ ማውጣትም እንዳይረሳ።

ፈቃዴን ይዤ፣ ሁሉን ለክቼ፣ በሞርስ ጠራሁ። አንድ ሰው 559 ብሎ፣ ምልክቴ እንዴት እንደሚሰማው በቁጥር ነግሮ፣ መለሰልኝ። እሱ ገና እየላከ ሳለ ከማዕከሉ ማዶ ሄጄ ፈለግኩት። እዚያ አልነበረም።