«አየሁህ! ወፍረሃል!»

ሳምንት ሆነኝ። ትዝ ሲለኝ አሁንም ቀኝ እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይሄዳል።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። ሐረር ላይ አውሮፕላን አይወርድም፤ እንግዳ የምንቀበለው ወይ ድሬ ወይ ጅግጅጋ ሄደን ነው። ቲኬት ልትቆርጥ ስትደውል ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ በአውራ ጣቴ ለካሁ። ከኤርፖርት ኤርፖርት በአየር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እኛ መሃል። «ሁለቱም ደጃችን ናቸው፤ የረከሰውን ቁረጪ» አልኳት። ቲኬቱን ፎቶ አንስታ ስትልክልኝ ሰዓቱን ብቻ አየሁ። ጠዋት 4 ሰዓት። ሌላ ምን ይታያል?

በሰዓቱ ድሬ ኤርፖርት በር ላይ ተገትሬያለሁ። ደወለች።

«ወጥቻለሁ፣ የት ነህ?»

«በሩ ላይ ነኝ። ቢጫ ሸሚዝ።»

«አቦ ድሬ እንዴት ነፋሻ ሆናለች!»

ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። እንግዳ ይሉኝታ አለው ብዬ አለፍኩት።

«እስቲ እጅህን አንሳ።»

አነሳሁ። አውለበለብኩ። ጥበቃው አጸፋውን መለሰልኝ። የማላውቃቸው አንዲት እናት ከነሻንጣቸው ዞረው ሳቁልኝ። አክስቴ በስልኩ ጮኸች፦

«አየሁህ! ውይ፣ ወፍረሃል!»

ስልኩ ተዘጋ።

ወፈርኩ? እኔ? ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ። አንድ እጅ ወደ ላይ፣ ሆድ ወደ ውስጥ፣ ትንፋሽ የለም፤ እንዲህ ሆኜ አሥር ደቂቃ ቆምኩ። መንገደኛው አልቆ፣ ሻይ ሻጯ እንኳ ፊቷን አዙራ፣ እኔ ገና አውለበልባለሁ። አይታኛለቻ! እጄን ባወርድ ትጠፋብኛለች።

እንደገና ደወለች። «አንተ፣ ይሄ ሰውዬ አንተ አይደለህም።»

«በሩ ላይ የማን ስም ነው የተጻፈው?»

«ዊልዋል ይላል።»

የድሬው ኤርፖርት የሚጠራው በደጃዝማች ይልማ ነው። ዊልዋል ያለው ጅግጅጋ ነው።

አውራ ጣቴ ያልነገረኝን ያኔ ተረዳሁ፦ መኪና አሞራ አይደለም። በመንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ለእኔ ደንገጎን ተጠማዝዞ መውጣት፣ ለእሷ ዳካታንና ባቢሌን ማቋረጥ አለ። መሃል ነን ያልኩትም ውሸት ነው፤ ከሐረር ጅግጅጋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ድሬ የዚያ ግማሽ ብትሆን ነው። «ሐረር እንገናኝ፣ እኔ እቀድምሻለሁ» አልኳት።

መቅደም! ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል። ቆጠርኩ፣ አምስት ወንበር ባዶ ነው። አንዱ ሲገባ አሁንም «አንድ ሰው ብቻ!»። ይህችን ሂሳብ ማን እንዳስተማራቸው አንድ ቀን መጠየቄ አይቀርም። ሞላ ስንል ደግሞ ሾፌሩ ጫት ሊገዛ ወረደ። ከዚያ አወዳይ ስንደርስ እንደገና ወረደ፤ የድሬው አልጣመውም።

ቤት ስደርስ አክስቴ እግሯን አጥባ፣ ሁለተኛ ቡና ላይ ናት። በእኔ በርጩማ ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጦ የባቢሌ ለውዝ ይፈለፍላል። ወደ ሐረር ስለሚመጣ በመኪናው ይዟት መጣ።

«በቃ፣ አንተ የመሰለኝ እሱ ነው» አለችኝ።

ሰውዬው ሊጨብጠኝ ተነሳ። ሸንበቆ ነው። ቀበቶው ሁለቴ ዞሮታል።

አክስቴ እሱን አየች። እኔን አየች። ዝም ብላ ቡናዋን ጠጣች።