የመንዝ ካርታዬ፦ ሦስተኛ ወር

እኔ የምሥለው የወረዳ ካርታ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ስም የሚጠሩ አራት ወረዳዎች አሉ፤ ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ እና ቀያ ገብርኤል። የምፈልገው ግን ሰው «መንዜ ነኝ» ሲል በልቡ የሚያስበውን አገር ነው። ያ አገር ማኅተም የለውም።

ምሥራቁን በአንድ ምሽት ጨረስኩ። ተራራው ራሱ ድንበር ነው፤ ከጫፉ ቁልቁል ሲያዩ ኤፍራታ፣ ግድምና ቀወት ቆላው ላይ ተዘርግተዋል፣ ዞር ሲሉ ደግሞ ብርዱና ገብሱ ይቀበላል። ለደቡብና ለምዕራብ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የጠቀሳቸውን ወንዞች፣ ሞፈርን፣ አዳባይንና ወንጪትን ተከተልኩ።

ፈተናው ሰሜኑ ነው። ሌቪን መንዝን ቀጨኔ ወንዝ ላይ ያቆመዋል። ታዲያ ከዚያ በስተሰሜን ያለውን አገር፣ ግሼን፣ ምን ላድርገው? በመጀመሪያው ንድፌ አስገብቼው ነበር፤ በንጉሡ ዘመን አውራጃው «መንዝና ግሼ» ይባል ስለነበር። ንድፉን ለአንድ የግሼ ተወላጅ አዛውንት ሳሳያቸው ጣታቸውን ስሙ ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ይህችን ‹ና› አላየሃትም? አንድ ከሆኑ ምን ያጣምራቸዋል?» አሉኝ። ያቺ ፊደል እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊ መልእክተኛ ሃሪስም መንዝን ከግሼ ለይቶ ጽፏል። አዲስ አበባ ያደገች አንዲት የግሼ ልጅ ግን «መንዜ ነኝ ነው የምለው፤ እናቴም እንደዚያው ትል ነበር» አለችኝ። ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። ስለዚህ ግሼን በሰያፍ መስመር ሞላሁት፤ ዳር የሚሆን ደማቅ መስመር አላሰመርኩም።

ያልጠበቅኩትን ነገር ያስተማረኝ ጓሳ፣ የመንዝ ሰዎች በጋራ የሚጠብቁት የደጋ ሣር ምድር፣ ነው። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት የጓሳን ሣር አጭዶ ቤት ለመክደን ከአቅኚዎቹ ከአስቦ ወይም ከጌራ መወለድ ያስፈልግ ነበር። ባለመብቱን የሚለየው ትውልዱ ነበር። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሰው ባገኘሁ ቁጥር «መንዝ የት ያበቃል?» እያልኩ ስጠይቅ ነበር። አሁን ጥያቄውን ቀይሬ «አያትህ የማን ልጅ ነኝ ይሉ ነበር?» እላለሁ፤ መልሱም ይረዝማል፤ ቡና እስኪፈላ ሰባት ትውልድ የቆጠሩልኝም አሉ።

በሚቀጥለው ወር የምሠራው የቀጨኔን ሁለት ዳርቻ ነው። ከዚያ አካባቢ የሆናችሁ፣ አያቶቻችሁ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰው ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ብትነግሩኝ እዚያው ካርታው ላይ እጽፈዋለሁ።