«ጠበቀ» እና የምትዋጠው «ፎር»

የእንግሊዝኛ ደብተሬን ከከፈትኩ አራተኛ ወሬን ያዝኩ። የዛሬው ማስታወሻ ስለ አንድ ግስ ብቻ ነው፤ ስለ «ዌይት»። አትሳቁ፣ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ለማታውቁኝ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጎብኚ በሚያሻግር ጀልባ ላይ ረዳት አስጎብኚ ነኝ። ጣጣው የተጀመረው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ላይ ነው። ከጀልባ ወርደን፣ የቡናውን ጫካ አቋርጠን ስንደርስ ጥበቃው አባት በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከጎብኚዎቹ አንዷ ማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። እኔም ኮራ ብዬ «ሂ ዌይትስ ዘ ቸርች» አልኳት።

«ዌይቲንግ ፎር ዋት?» አለች።

«ፎር ዘ ቸርች!»

ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። ወለል ብሎ የተከፈተውን በር አየች። መልሳ እኔን አየችና ቤተ ክርስቲያኑ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቀችኝ። አባም ነገሩ ስላልገባቸው «ምን አለች ልጄ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ጥፋቱ ከአማርኛዬ የመጣ ነው። እኛ ዘንድ ጥበቃው ቤቱን ይጠብቃል፣ ተሳፋሪው ጀልባውን ይጠብቃል፣ ሆቴሉም ነገ የሚመጡ እንግዶችን ይጠብቃል። ሦስቱም «ጠበቀ» ነው፤ ሦስቱም «ን»ን ይዞ ይሄዳል። እንግሊዝኛው ግን ሦስት ቦታ ይሰነጥቀዋል። የአባ ሥራ «ጋርድ» ነው። የሆቴሉ «ኤክስፔክት» ነው፤ ሰውየው ቁጭ ብሎ መንገድ መንገዱን ባያይም፣ እንደሚመጡ አውቆ ከተዘጋጀ ይበቃል። ወደብ ላይ ቆሞ ዓይኑ ሐይቁ ላይ የቀረው ተሳፋሪ ብቻ ነው «ዌይት ፎር» የሚባለው። ሁለቱ ያለ መስተዋድድ ሲሄዱ ይሄ ሦስተኛው ያለ «ፎር» አንድ እርምጃ አይራመድም። «አይ አም ዌይቲንግ ዩ» ስንት ጊዜ ለደንበኛ በስልክ እንደጻፍኩ ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

«ዌይት ቴን ሚኒትስ» ሲባል ሰምቼ ነበር እኮ፣ «ፎር»ስ የታለች? እዚህ ላይ ሁለት ቀን ተንገላታሁ። የተረዳሁት ይሄን ነው፦ የምትጠብቀው ሰው ወይም ነገር ከሆነ «ፎር» ግዴታ ናት፤ የጊዜው ርዝመት ከሆነ ግን ብትኖርም ባትኖርም ያስኬዳል። «ተራህን ጠብቅ» ለማለትም «ዌይት ዩር ተርን» ይላሉ፣ ያለ «ፎር»። እሱን እንዳለ ሸመደድኩት። «ዌይት ኦን» ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ካፌ ውስጥ ትእዛዝ ተቀብሎ ማስተናገድ ማለት ነው። «ዌይተር» የምንለው ከዚያው ቤት ነው።

በጣም የወደድኩት ግን «እስኪ»ን የሚተካውን አነጋገር ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ሲነሳ ጀልባ ነጂያችን «እስኪበርድ እንጠብቅ» ይላል። ድሮ «አንቲል» ፍለጋ እዳክር ነበር፤ እሷም አትሳሳትም። አሁን ግን «ሌት አስ ዌይት ፎር ዘ ዊንድ ቱ ድሮፕ» እላለሁ። ንፋሱን በመሐል ታስገባለህ፣ ግሱ በ«ቱ» ይከተላል። ባለፈው ሳምንት ይህችን ስናገር አንድ ሽማግሌ ጎብኚ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ገባቸው ማለት ነው።

ከዚያ የመጣው ችግር «ፎር» ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ተንጠልጥላ መቅረቷ ነው። «የምጠብቀው ጀልባ» ለማለት «ዘ ቦት አይ አም ዌይቲንግ ፎር»። መጀመሪያ ጭራዋን የተቆረጠች ትመስለኝ ነበር። ኋላ ግን የራሳችንን አየሁ። «የተቀመጥኩበት ወንበር» ስንል ያ «በት» ግሱ ላይ ተለጥፎ የቀረ መስተዋድድ አይደል? እንግሊዞቹም «ዘ ቼር አይ ሳት ኦን» ይላሉ። «በት» ባለበት ቦታ «ኦን»ን ሳልረሳ፣ «ፎር»ን የምረሳት «የምጠብቀው» ውስጥ የምታስታውሰኝ ፊደል ስለሌለች ነው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ «ን» የሚወስዱ የአማርኛ ግሶችን ለብቻ ገጽ ሰጠኋቸው፤ «አዳመጠ» እና «ሊስን ቱ»፣ «ተመለከተ» እና «ሉክ አት» እዚያ ተሰልፈዋል። እስካሁን 17 ደርሰዋል።

ጆሮዬ ግን ገና ነው። ፈረንጆቹ ቶሎ ሲናገሩ «ፎር»ን ይውጧታል፤ «ዌይቲን ፈ ዘ ቦት» ነው የሚሰማኝ፣ አንዳንዴ «ፈ»ም አትሰማኝም። ይህን የምታሠለጥኑበት ዘዴ ያላችሁ ንገሩኝ።

የሚቀጥለው ግስ «ጠየቀ» ነው፤ መርጬው ሳይሆን ቀድሞኝ ስለመጣ። ሰኞ ዕለት ሥራ ያልገባሁበትን ምክንያት ለአንዲት ጎብኚ ሳስረዳ፣ አክስቴ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር «አይ ዌንት ቱ አስክ ማይ አንት» አልኳት።

«ምን ልትጠይቃት?» አለችኝ።